ያልተከራከረው ደንበኛ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ። ምሳ ሰዓት

መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ግማሽ ባትሪ ቀርቶታል። የሠርግ ካርዱ አልተላከም፤ ኔትወርክም የለም። ሙሽራው ደውሎ የእሷ ስም ከኔ ትንሽ አነስ ይበል ይላል። ሙሽሪት ለብቻዋ ደውላ የኔ ተለቅ ይበል ትላለች። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ሁለቱንም እሺ ብዬ እኩል አድርጌዋለሁ።

ግን ስማኝ ደብተሬ፣ የዛሬው ወሬ ሌላ ነው። አንድ ነገር አልጣመኝም።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡ። ዳማ ፈረሳቸውን ከመንገዱ ማዶ ካለው የመብራት እንጨት ላይ አሰሩና ጋቢያቸውን አራግፈው ገቡ። አያ ልየው ይባላሉ፤ አገራቸው ከጥሊሊ ወዲያ ነው። (ከእንግዲህ አ.ል. እላቸዋለሁ፤ እስክሪብቶው እያለቀ ነው።) ልጃቸው እዚህ የቀርቀሃ ዕቃ መሸጫ ልትከፍት ነው፤ ወንበር፣ አልጋ፣ መደርደሪያ። ለሱቁ ዓርማ ይሠራለት፣ የበር ላይ ማስታወቂያ ይነደፍለት፣ በየወንበሩ ሥር የሚለጠፍ ስቲከርም ይኑረው አሉ። ከተማችንን እንጅባራ አይሉም፣ እንደ ድሮ ሰው ቆሰበር ነው የሚሉት።

ዋጋ ጠየቁኝ። እውነተኛ ዋጋዬ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። ሃያ አራት አልኩ። አትየኝ እንዲህ! ሌብነት አይደለም፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔ እጥፍ እጠራለሁ። ደንበኛው ደረቱን ይመታል፣ የሰው ደም ልትጠጪ ነው ወይ ይላል፣ ተነስቶ ይሄዳል። በሩ ላይ ሲደርስ እጠራዋለሁ። ተማምለን፣ ተመራርቀን ግማሹ ላይ እንገናኛለን።

አ.ል. መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እሺ ልጄ አሉ።

እሺ! በቃ። «ውይ» የለ፣ «በእናትሽ» የለ፣ ብድግ ብሎ መሄድ የለ። በር ላይ ልጠራቸው የተዘጋጀሁት ሴትዮ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እስከ ዛሬ የተከራከረኝ ሁሉ ከፍሎኛል። ሳይከራከር እሺ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ የዳንግላ ባለሆቴል። ፈገግ ብሎ የጠየቅሽው ይሁን አለ። የምግብ ዝርዝሩን፣ ማስታወቂያውን፣ ሁሉን ሠርቼ ከላክሁለት በኋላ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፤ ሊከፍል ያላሰበ አይከራከርም። ለማይከፍለው ብር ምን አደከመው?

አሁን ደግሞ የምታለልበት አቅም የለኝም። መስከረም ላይ ከመላኩ ማተሚያ ቤት ወጥቼ የራሴን ክፍል ተከራይቻለሁ። ዓመታት ለሱ ነደፍኩ፤ እኔ የሠራሁትን እሱ በስሙ ሸጠ። ስወጣ፣ ኅዳር ሳይገባ ትመለሻለሽ፣ ወንበርሽን አላነሳውም ብሎኛል። ይኼ የቀርቀሃ ሱቅ ሥራ ከተሳካልኝ ኪራዬን ከፍዬ በራሴ እቆማለሁ። ካልተሳካ ያቺ ወንበር እየጠበቀችኝ ነው። እሞታለሁ እንጂ አልቀመጥባትም!

መብራት መጣ። ልሂድ።


ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ቀብድ ግማሹን ጠይቄ ነበር። አ.ል. ሙሉውን ይዘው መጡ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ።

ብሩን አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። እዚያው ፊታቸው! አላፈርኩም። እውነተኛ ብር ይመስላል። ቢሆንም አላመንኩም፤ ባንክ ወሰድኩት። ገንዘብ ተቀባይዋ በማሽን አሳልፋ አስገባችልኝ። ችግር የለበትም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የምን ችግር አለች። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀብኝ።

ይሳቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከሰዓት

መላኩ ጋ ሄጄ ነበር። ማስታወቂያውን የሚያትምልኝ ሌላ ሰው ከተማው ውስጥ የለም፤ ምን ላድርግ። እግረ መንገዴን አያ ልየው የሚባሉ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ሳቁ አላቆም አለው። ምላጩን ነው? አለኝ። በጥሊሊ ገበያ ስማቸው ምላጭ ነው አሉ። አንዲት ዶሮ ሲከራከሩ ሰዓቱ ከመርዘሙ የተነሳ ዶሮዋ እዚያው እንቁላል ጣለች፤ እንቁላሉንም በምርቃት ወሰዱት ይላል። መላኩ ሲያጋንን ነው። ግን በተጠራ ዋጋ ገዝተው የማያውቁ ሰው እንደሆኑ ምሏል።

ታዲያ እኔ ጋ ሲመጡ ምላጩ ምን ሆኖ ዶለዶመ?

ደግሞ መላኩ የሳቀው አልበዛም? አንቺን እንዴት አገኙሽ ብሎም ጠየቀኝ። እኔም የምጠይቀው ይኼንኑ ነው። ማን ላካቸው? በከተማው ውስጥ እኔ እንድወድቅ የሚፈልግ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ወንበር አስቀምጦልኛል። ብሩን ተቀብዬ ከሠራሁ በኋላ ሥራው አልተወደደም፣ ብሩ ይመለስ ቢሉኝስ? ኪራይ የከፈልኩበትን ከየት አምጥቼ? ስሜ ጠፍቶ፣ አቀርቅሬ ወደ መላኩ።

አንተ ምን አለብህ። ወረቀት ነህ።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት ገደማ

የገበያ ቀን። ቀኑን ሙሉ ጉሙ አልተነሳም።

አ.ል. ንድፉን ሊያዩ መጡ። ሦስት ዓይነት አሳየኋቸው። ሁለት ዘንግ ቀርቀሃ ተደጋግፎ የቆመበትን ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የልጃቸው ስም ጎላ እንዲል። የሺ ትባላለች። የሱቁም ስም በሷ ነው፤ «የሺ የቀርቀሃ ሥራ»።

ስም ማጉላት ለኔ ምንም አይደለም። ግን ልፈትናቸው ፈለግሁ። ማስተካከያ ለብቻው ይከፈላል አልኳቸው። ስድስት ሺህ። በዕድሜዬ ለማስተካከያ አስከፍዬ አላውቅም! እንዲህ ያለ ዋጋ ሰምቶ የማይጮህ ሰው ካለ፣ ወይ ሌባ ነው ወይ የሌባ መልእክተኛ ነው ብዬ ነው።

አየኋቸው ደብተሬ። በደንብ ነው ያየኋቸው። አፋቸው ተከፈተ። «ምን?» ሊሉ ነው፣ ምላሳቸው ላይ ደርሷል። ከዚያ ትኩስ ገንፎ እንደ ጎረሰ ሰው ዋጥ አደረጉት። በጋቢያቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ፤ በዚህ ብርድ! እሺ ልጄ አሉ፤ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ።

ወጥተው በረንዳው ላይ ስልክ ደወሉ። በአውኛ። እናትና አባቴ ከደብረ ማርቆስ በኩል ናቸው፤ እኔ እዚህ ተወልጄ ከአውኛው የማውቀው ሰላምታና ስድብ ነው። ከሰላምታውም ከስድቡም አልነበረም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ይታይሽ የሚለውን ስሜን ብቻ ሰማሁ።

ስለ እኔ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?


ጥቅምት 10፣ ሰኞ። ጠዋት

ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም። አከራዬ እትዬ ብርቄ ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ ነገሩኝ። አ.ል. ለሱቁ ምስማር ሲገዙ የተጠራላቸውን ከፈሉ። አናጢውም የጠራውን አገኘ። ቆርቆሮ የጫነላቸው ባለባጃጅ በቀልድ ሦስት እጥፍ ቢላቸው ቆጥረው ሰጡት፤ ራሱ ባለባጃጁ ደነገጠ አሉ። አሁን ነጋዴው እርስ በርሱ እየተጠቃቀሰ ነው፤ ያ የማይከራከረው ሽማግሌ መጣ እየተባባለ።

ከተማው ግምቱን ያወርደዋል። አንዱ ወርቅ ቆፍረው አግኝተዋል ይላል። ሌላው ጃጅተዋል። እትዬ ብርቄ ደግሞ ሊሞቱ ነው፣ ሰው ሊሞት ሲል እጁ ይፈታል ባይ ናቸው። የሕትመቱን የሚከፍሉት በቀጥታ ለመላኩ ነው፤ ስንት እንደጠራላቸው ጠየቅሁት፤ አልነገረኝም። አልነገረኝም ማለት ከኔ ብሷል ማለት ነው።

ይኼን ስሰማ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ንዴት። እውነቱን ልንገርህ ካልኩ ንዴት ነው። አገሩ ሁሉ ሲቆርስ እኔ ብቻ ሞኝ ልሁን? ደግሞ ንዴቴ በሳቸው ነው። ለምን አያስቆሙኝም? ዋጋ ስጠራ ሁልጊዜ ከፊቴ የሚያስቆመኝ ሰው አለ፤ ልክሽን እወቂ የሚለኝ። የዋጋዬ ልኩ የደንበኛው አፍ ነበር ለካ። አፉን የዘጋ ሰው ሲመጣ የት ላይ እንደምቆም አላውቅም።

የማያስቆሙኝ ከሆነ ደግሞ፣ እስኪ እስከየት ድረስ ነው ዝምታዎ? እፈትናለሁ። አንድ ቦታ ላይ ይጮሃሉ። ሲጮሁ ማን እንደላካቸውም አብሮ ይወጣል።


ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ሚካኤል

አ.ል. ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ አሉ። ንድፉ አልቋል። የዋናውን ፋይል ዋጋ ጠራሁላቸው። አሥር ሺህ። ፋይል ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አልጠየቁም። እኔም ሳላስከፍል በነጻ የምሰጠው ነገር ነው።

በመስኮቱ ወደታሰረው ፈረሳቸው አዩ።   ይኸው ጩኸቱ ሊመጣ ነው አልኩ።

እሺ ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ታገሺኝ አሉ።

አገኘኋቸው! ታገሺኝ! ይኼን ቃል አውቀዋለሁ። የዳንግላው ባለሆቴልም ሳምንት ታገሺኝ ብሎ ነው ስልኩን የዘጋው። መላኩን በመንገድ አግኝቼ ብነግረው እራሱን ነቀነቀ፤ ነግሬሽ ነበር አለ። ምንም አልነገረኝም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የቀረውን የስቲከሩን ሥራ አቆምኩ። ፋይሉን ዘግቼ ላፕቶፑን ከደንኩ። ቅዳሜ አይመጡም። ተናግሬያለሁ፣ አንተ ምስክሬ ነህ።


ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

መጡ።

በእግራቸው። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ሳልቆጥር ወደ መንገዱ ማዶ አየሁ። የመብራት እንጨቱ ላይ የታሰረ ነገር የለም።

ፈረሱስ አልኳቸው። ሸጥኩት አሉ።

ትናንት ዳንግላ ወስደው ነው የሸጡት። ለማን ብል ለአንድ ባለጋሪ። ለጋሪ! ያንን አንገቱን ሰብሮ እየተንጎማለለ የሚሄድ ዳማ። በዚህ አገር ፈረስ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ሰው ልጁን ድሮ ፈረሱን ያስቀራል። ስንት አወጣ አልኩ። አፍሬ ነው የጠየቅሁት። ነገሩኝ። የፈረሱን ግማሽ ዋጋ አይሆንም። ገዢው የመጀመሪያ ዋጋ ሲጠራ፣ ተከራክረው ያስጨምሩኛል ብሎ ዝቅ አድርጎ ነው የጠራው፤ እሳቸው ግን እዚያው እሺ ብለው ሉጓሙን ሰጡት።

የሚገዙትን በተጠራ፣ የሚሸጡትንም በተጠራ! ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው? ላኪ ያለው ሰው ፈረሱን ይሸጣል? የመላኩ መልእክተኛ ቢሆኑ ከራሳቸው ጋጥ ያወጣሉ?

ብሩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። እጄ አልነካው አለኝ። ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለብኝ፤ ልጅቱን።


ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። ምሽት 12 ሰዓት

የማስታወቂያውን ልክ ልለካ ነው ብዬ የሺ ሱቅ ሄድኩ። ምክንያት ፈጥሬ።

እኩያዬ ናት። ከስታለች። ሱቁ ውስጥ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ አዲስ ቀርቀሃ ይሸታል። ሜትሬን ይዤ በሩን ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ። መጨረሻ ላይ አላስቻለኝም፤ አባትሽ ለምን አይከራከሩም ብዬ ፈነዳሁ።

ፈረሱን መሸጣቸውን አልሰማችም ነበር። ለስንት እንደሸጡት ስነግራት ቁጭ አለች። ከዚያ ነገረችኝ። እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ዝናብ፣ ጭቃ። በአልጋ ተሸክመው ዋናው መንገድ ድረስ አወጧት፤ አንድ ሚኒባስ ቆመላቸው። ሹፌሩ ዋጋ ጠራ። ብዙ ነበር። አባቷ ግማሹን አሉ። ሹፌሩ እምቢ አለ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በገበያ እንዳደረጉት ጀርባቸውን ሰጥተው መሄድ ጀመሩ፤ ይጠራኛል ብለው። አልጠራቸውም። ሌላ መኪና ያላቸው መሰለው፤ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። እሷ አልጋው ላይ ሆና የሚኒባሱን የኋላ መብራት አይታዋለች። ሌላ መኪና እስኪመጣ ብዙ ቆዩ። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

አ.ል. ሱባኤ ገቡ፣ የንስሐ አባታቸው ጋ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለምንም ነገር ዋጋ አይከራከሩም። ቀኖና ተሰጥቷቸው እንደሆነ ለሷም አልነገሯትም፤ ቀኖና አይነገርም። እስከ መቼ እንደሆነም አታውቅም። ብቻ አባቷን ታውቃቸዋለች። ማታ ማታ ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም ሲሉ፣ ቀን የተጠራባቸውን ዋጋ እየዋጡ እንደሆነ ይገባታል። ያን ቀን በስልክ በአውኛ የደወሉትም ለሷ ነው፤ ይታይሽ የምትባል ልጅ ስምሽን አሳምራ ጻፈችልሽ ሊሏት።

እጄን በአፌ ጫንኩ። ሌላ ምን ላድርግ።


ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ጠዋት ስነሳ ምን አልኩ መሰለህ? ልጅቱስ አባቷ ልከዋት ቢሆንስ? ብሩን እንድመልስ ያጠናችው ታሪክ ቢሆንስ? አዎ፣ አልኩ። አታፍርም እንዴ ይቺ ሴትዮ በለኝ።

እንደዚያ ብዬ መላኩ ጋ ሄድኩ። ሹፌሩን ያውቀዋል፤ ታፔላ ሊያሳትም መጥቶ አውርቶለታል። አንድ ሽማግሌ ሲከራከሩኝ ጥለውኝ ሄዱ፣ ሌላ መኪና አላቸው ብዬ ነዳሁ፣ ኋላ ሰማሁ ብሎ እዚያው ወንበር ላይ አልቅሷል። ያቺው የኔ ወንበር ላይ። መላኩ ይኼን ሁሉ ሲያውቅ አንዱን ከአንዱ አላገናኘውም፤ ወይም አልፈለገም። የሕትመቱን ዋጋ ስንት እንደጠራላቸው ዛሬ ነገረኝ። ከኔም ብሷል።

ለአ.ል. ደወልኩላቸው። ተሳስቻለሁ አልኩ፤ ማስተካከያውም ፋይሉም የሚያስከፍል አይደለም፣ ንድፉም እጥፍ ነው የጠራሁት፣ ልመልስልዎ።  ጮክ ብለው «ልጄ! አታስቀንሺኝ! የጠራሽውን ከፍያለሁ፣ ተይኝ በቃ» አሉ።

ዘጉት። እስከ ዛሬ ስጠብቀው የነበረ ጩኸት ይኸው መጣ። ምነው ባልመጣ ኖሮ።


ጥቅምት 21፣ ዓርብ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ለእልኬ ብዬ ዛሬ እውነተኛ ዋጋ ጠራሁ። የምረቃ ባነር የሚያሠራ አባት መጣ። ስንት ነው አለ። ትክክለኛውን ነገርኩት፣ አንድ ሳንቲም ሳልጨምር። ግማሽ አድርጊው አለ። የመጨረሻዬ ነው አልኩ። ሳቀ። ቀንሺ እንጂ፣ በእናትሽ! ብምልለትም አላመነኝም፤ ምን ደብቃ ነው የማትቀንሰው ብሎ ጠርጥሮኝ ሄደ። ሰው እንዴት ይኑር? ሁለተኛው ሲመጣ ለመከራከሪያ ያህል ትንሽ ጨመርኩ፤ ተከራከረ፣ ቀነስኩ፣ መርቆኝ ሄደ። ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት። ከዚህ በኋላም ከትንሽ አላልፍም።

ነገ ዳንግላ እሄዳለሁ። ለፈረሱ።


ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። አመሻሽ

ዳማውን መናኸሪያው ጀርባ አገኘሁት። ጋሪ ላይ ተጠምዶ ሲሚንቶ ጭኗል። አንገቱን ደፍቷል። ፈረስ እፈራለሁ፣ ታውቃለህ፤ ግን አንጀቴን በላው።

ባለጋሪው የፈለግሁት ፈረሱን እንደሆነ ሲያውቅ የገዛበትን አራት እጥፍ ጠራ። ደብተሬ፣ በዕድሜዬ እንደ ዛሬ ተከራክሬ አላውቅም። ደረቴን መታሁ። እናቱን አነሳሁበት፣ አባቱን አነሳሁበት። ጥርሱ ያለቀ ነው አልኩ፤ የፈረስ ጥርስ አይቼ ሳላውቅ። መንገደኛ ተሰብስቦ ግማሹ ለኔ ግማሹ ለሱ ፈረደ። ለራሴ ቢሆን ገና ድሮ እሺ ባልኩ። ለማይከራከር ሰው ነው የተከራከርኩት።

መጨረሻ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ እኔም ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ዛሬ ግን እርምጃዬን ቆጠርኩ። ባይጠራኝስ? ወደኋላ እንዳልዞር ጥርሴን ነከስኩ። የሺን አሰብኳት፣ አልጋው ላይ ሆና ስታይ።

ጠራኝ። ከፈልኩ። ከአ.ል. ያለ አግባብ የወሰድኩት ሁሉ ሄደ፤ ከእውነተኛ ዋጋዬም ተነካ። ባዶውን ወደ እንጅባራ የሚመለስ አይሱዙ ፈረሱን ጫነልን። ሹፌሩ የጠራውን ያለ ቃል ሰጠሁት። አፌ እምቢ አለኝ።

አሁን እትዬ ብርቄ ግቢ ታስሯል። ጎመናቸውን እየበላ ነው። ኪራዩን እስከ ወር መጨረሻ ይታገሱኝ ብያቸዋለሁ፤ ገላምጠውኛል። ጎመኑንም አስበውታል። ቢታገሱኝ እቆማለሁ፤ ባይታገሱኝ መላኩ ጋ ናት መንገዴ። እንግዲህ ምን ይደረግ።


ጥቅምት 23፣ እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

የሺን ወደ አባቷ ላክኋት፤ ፈረስዎ ተመልሷል፣ ይውሰዱት ብላ እንድትነግርልኝ። በባዶ እጇ ተመለሰች። ያልከፈልኩበት ፈረስ ላይ አልወጣም ብለዋል። የሸጥኩትን ሸጫለሁ፣ ለኔ ማንም አይዘንልኝ። ይኼን ሲሉ ጋጡን ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር አለች።

አይ እኔ! ተመላሽ አይቀበሉ፣ ስጦታ አይቀበሉ። እትዬ ብርቄ ደግሞ ነገ ፈረሱ ካልወጣ አብረሽው ትወጫለሽ ይላሉ። ሽማግሌ ልላክ? ቄስ ልላክ? የሰው ቀኖና ውስጥ ገብቼ ምን ብዬ?


ጥቅምት 24፣ ሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት

መጣልኝ! ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ፤ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እንዳለ ሮጬ ገባሁ።

አ.ል. ዛሬ ማስታወቂያው ሲሰቀል ሊያዩ ይመጣሉ። በዚህ በር ነው የሚያልፉት። ስጦታ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ብሉልኝ ጠጡልኝ ቢባሉም እምቢ ማለት ይችላሉ። የተጠራ ዋጋ ግን እምቢ ማለት አይችሉም። በዛ ብለው አይከራከሩም። አነሰ ቢሉስ? አነሰ ብሎ ማስጨመርም ክርክር ነው። ራሳቸው ዳንግላ ላይ ግማሽ ዋጋ ተጠርቶላቸው እሺ ያሉት ለዚህ አይደል?

እንግዲያው አልመልስላቸውም፣ አልሰጣቸውም። ፈረሱን ለራሳቸው እሸጠዋለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋውን እኔ እጠራለሁ። ኃጢአት ከሆነ የኔ ይሁን፣ እኔም የንስሐ አባት አላጣም። ይጠረጥሩኛል። ይቺ ልጅ ደግሞ ምን አስባ ነው ይላሉ። ይጠርጥሩኛ፤ ተራቸው ነው።

በመስኮቱ እያየሁ ነው። ጋቢ ለብሶ በጭቃው የሚመጣ ሰው አለ፤ ፈረሱም ጆሮውን አቁሟል። እሳቸው ናቸው።

ዋጋው አንድ ብር ነው። እስኪ ይከራከሩኝ!